ደጋግሞ የመጣ «ደህና ነኝ»

ይህ ጉዳይ ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገር። አንድ ተሳቢ ሙሉ ስኳርና ዱቄት፣ የጥሩ አህያ ዋጋ የተከፈለበት የእጅ መዳፍ የምታክል ዕቃ፣ እና ከጉልበት በታች አንድ እግር። እግሩ የእኔ አይደለም። የከበደኝም ለዚህ ነው።

የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ እንደ ድሮው ቶሎ አልመልስም። ትንሽ አስባለሁ። ሰዉ ደግሞ «ይሄ ሞላ ኮራ» ይለኛል።

የመተማ ልጅ ነኝ፤ ሱዳን ተሻግሬ ገዳሪፍ ከገባሁ ግን ቆይቻለሁ። ሥራዬ ሸቀጥ ነው። ክረምት ሲገባ ከጎንደር ቆላ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች በቁረይሻ በኩል ወዳሉት ትልልቅ እርሻዎች ይበተናሉ። እኔ ደግሞ እነሱ የሚያድሩበት ካምቦ ድረስ ስኳር፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ኮንጎ ጫማ አደርሳለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ገበያው ነው፤ የእሱ ክፍያ ከትምህርት ቤት ይበልጣል።

«በበጋ ለምን አታደርስም?» የሚለኝ አለ። በበጋማ መኪና ያለው ሁሉ ያደርሳል። ትርፍ ያለው መኪና የማይገባ ጊዜ ነው። የዚያ አገር አፈር ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ ይይዛል። ያኔ የሚደፍረው ትራክተር ብቻ ነው፤ እሱም እየፈራ።

ትራክተሩን የሚነዳልኝ አያ ደሴ ይባላል። የአርማጭሆ ሰው ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በንግግር እበልጠዋለሁ። ከገዳሪፍ እስከ ካምቦው አብረን ተቀምጠን የሚናገረው ሲደመር አንድ አቡነ ዘበሰማያት አይሞላም። ሚስቱ ጥሩነሽ ግን የሁለቱንም ድርሻ ታወራለች። ገበያው ዳር የፀሐይ መብራት ሰሌዳ ዘርግታ የሰው ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች። መብራት በጠፋ ቁጥር የከተማው ስልክ ሁሉ እሷ ጋ ተኝቶ ይውላል።

ዕቃውን ወደ መግዛት ያደረሰኝ አንድ የማውቀው ነጋዴ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ተሳቢው ሰጥሞበት ቀረ። ከከተማው ከወጣህ በኋላ ኔትወርክ የለም፤ የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህማ ያለበትም ቦታ እንደ እንግዳ ነው፣ ደስ ሲለው ብቅ ይላል። ሰውየው የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ሚስቱ ለተዝካሩ ማሽላ ልታስፈጭ ስትል በእግሩ መጣ። ሁላችንም ስቀን አበቃን። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ስተኛ መሳቁ ቀረ። በዚያው መንገድ ነው የምመላለሰው።

አብዱ የሚባል የስልክ ነጋዴ አለ። ሱዳናዊ ነው፤ ከሐበሻ ጎረቤት ጋር ስላደገ አማርኛውን ከነስድቡ ያውቃል። ሱቁ ሄጄ በረሃ ላይ ብወድቅ ሰው የሚጠራልኝ ዕቃ እፈልጋለሁ አልኩት።

«ያ ሞላ፣ ዕቃ ነው ጸሎት የምትፈልገው?» አለኝ፤ «ያ» በእነሱ ቋንቋ ሰው ሲጠሩ ነው።

«ጸሎቱ አለኝ። የሚላክበት ዕቃ ነው የጎደለኝ።»

የገበያ ዘዴ አለኝ። ሻጩን ሊሸጥልህ ስለፈለገው ዕቃ አትጠይቀው፤ እሱን ያመሰግናል። ስለ ሌሎቹ ጠይቀው፤ ያኔ እውነቱን ይናገራል። አብዱ ሊሸጥልኝ የፈለገው የሳተላይት ስልክ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ እጅ ሬዲዮ ጠየቅሁት።

«ሬዲዮ ዓይንህ እስከሚያይ ነው። ዛፍ ከመጣ አበቃ። ኬላ ላይ ካገኙብህ ደግሞ አንተም አበቃህ።»

ሰማይ ላይ የሚተኮሰውን መብራትስ? አልኩት።

«ድንበር ላይ? ተኩስ። መልሱ ቶሎ ይመጣልሃል፤ መብራት ግን አይሆንም።»

በፉጨት ሰው መጥራቱን ራሴ ጣልኩት። ማሽላ ሲያፈራ እርሻው ሁሉ ወፍ ጠባቂ ነው። ቀን ሙሉ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ቆርቆሮ ይመታሉ፣ እሪ ይላሉ። እዚያ መሃል ቆመህ ብታፏጭ ጎበዝ ጠባቂ ነው ይሉሃል እንጂ ማንም ዞሮ አያይህም። በመስተዋት ብርሃን እያበሩ መጥራቱም እንደዚያው ነው፤ በክረምት ፀሐይ ከየት ይመጣል?

የቀረው የሳተላይቱ ስልክ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልክድም። ግን እኔ ሐበሻ ነኝ፤ ሰው አገር ነው ያለሁት፤ ጊዜው ደግሞ የጦርነት ነው። ሰማይ ለሰማይ የሚያወራ ስልክ ይዤ ኬላ ላይ ብቆም ከማን ጋር እንደማወራ እስካስረዳ ሰሊጡ ታጭዶ ይገባል። ይህንኑ ስለው አብዱ ራሱን አከከና ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ትንሽ ዕቃ አወጣ።

የማትናገር ነገር ናት። ድምፅ የላትም፣ ድምፅም አትሰማም። ሁለት ቁልፍ አላት፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። ሰማይ በግልጽ ከታያት የተጫንከውን ቁልፍ ቃልና የቆምክበትን ቦታ አንድ ላይ አድርጋ ወደ ስልክ ትልካለች። አረንጓዴው «ደህና ነኝ» ነው። ቀዩ «ድረሱልኝ»። ባትሪዋ ብዙ ቀን ይቆያል። ውሃ አይገባትም። ኬላው ላይ ያለው ሹም ዘንድ ወስጄ አሳየሁት፤ አገላብጦ አይቶ አፍ ከሌላት ትሂድ አለኝ።

አብዱ መልእክቱን ሲያስተካክል ጠየቀኝ። «ቀዩ ቁልፍ፣ ባሕር ማዶ ላለ ቢሮ ይድረስ ወይስ ለራስህ ሰው? ቢሮው እዚህ ላለው መንግሥት ይደውላል።»

«እኛን ከጭቃ የሚያወጣን የኛው ሰው ነው» አልኩ። «ለራሴ ሰው ይሁን።»

«የማን ቁጥር?»

ብዙም አላሰብኩ። በገዳሪፍ ስልኩ የማይጠፋ አንድ ሰው ማን ነው? የስልክ ሐኪሟ ጥሩነሽ። ባሏም አብሮኝ ነው የሚሄደው። ከዚህ የተሻለ ተቀባይ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም ብዬ ራሴን አደነቅሁ።

ጥሩነሽ ሳቀች። «አያ ሞላ፣ ባሌን በሰማይ በኩል ልታገናኘኝ ነው? በምድር ሲገኝ እንኳ አያወራኝ።»

አያ ደሴ ግን አልሳቀም። ዕቃዋን በእጁ መዘነና «ሌላ ሰው አይሆንም?» አለኝ።

«ማን አለ? የእኔ ስልክ አብሮኝ ነው። የእድሩ ሽማግሌዎች ስልክ ግማሹ ይጠፋል፣ ግማሹን አይሰሙትም።»

ሌላ አልተናገረም። በክር አድርጎ አንገቱ ላይ አጠለቃት። አያ ደሴ ዝም ሲል ተስማማ ማለት ነው ብዬ ለምጃለሁ። ዝም ከማይል ሰው ጋር ሲሆን ያዋጣል፤ ከእሱ ጋር አያዋጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የኋላው አይገባም። ጥሩነሽ ወንድሟ የሞተባት አገር ቤት ነው። በእኛ ደንብ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የሚይዛት ሴት አብራ ትሄዳለች፣ በማለዳ ቤቷ ድረስ ይኬዳል። ለእሷ ግን አንድ ዘመድ በስልክ ደወለና እንደ ሸቀጥ ዋጋ ነገራት። ገበያ መሃል፣ ብቻዋን። ስልኩን እንደያዘች ወደቀች። ብዙ ጊዜ ወስዶባት ነው የተነሣችው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔም አውቃለሁ። ቁጥሯን ሳስመዘግብ ግን ያሰብኩት ስለ ባትሪ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ሰላም ነበሩ። ካምቦ ስንደርስ አያ ደሴ አረንጓዴውን አንዴ ይጫናል፤ ጥሩነሽም ለቻርጅ የመጣውን ሁሉ «ባሌ ደህና ነኝ አለ፤ በአፉ እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» ትላለች።

ያን ጊዜ ሰሊጡ አረም በዝቶበት ሠራተኛው ሁሉ እርሻ ላይ ነበር። እኛ ስኳርና ዱቄት ጭነን ወጣን። ከቁረይሻ አልፈን ኾሩ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ተሳቢው በአንድ ጎኑ ሰጠመ። ኾር የሚሉት በበጋ ደረቅ፣ በክረምት ሙሉ የሚሆነውን ወንዝ ነው። ካምቦው ከእሱ ማዶ ነው።

አያ ደሴ ትራክተሩን ከተሳቢው ነጥሎ ሊያወጣው ወረደ። ማያያዣው ላይ ሲታገል ተሳቢው ጭቃው ውስጥ ተንሸራተተና የፊት ብረቱ እግሩ ላይ ወደቀ። አልጮኸም። «ሞላ፣ እስኪ ክሪኩን» ነው ያለኝ፤ ጎማ የፈነዳ ይመስል።

በክሪክ ብረቱን አንሥቼ አወጣሁት። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል፤ አጥንቱ ወደ ውጭ ታይቷል። በጥምጣሙ አሰርኩት። ትራክተሩ ጎማው ሰምጦ ፈቀቅ አላለም። ሰማዩ በኢትዮጵያ በኩል ጠቁሯል። ዝናብ ደጋ ላይ ሲወርድ እኛ ጋ ሳያካፋ ኾሩ ይሞላል።

ያኔ ውሃው ገና ከጉልበት አያልፍም። ካምቦው ቅርብ ነው፤ ገዳሪፍ ሩቅ ነው። ተሻግሬ ሰው ይዤ እመጣለሁ፣ በገመድ አልጋ ተሸክመን ካምቦ እናደርሰዋለን፣ እስከዚያው ደግሞ ቀዩ ቁልፍ ከገዳሪፍ ትራክተር ያስመጣል። ሁለት መንገድ ነበረኝ። ነጋዴ ሁልጊዜ ሁለት መንገድ ይይዛል።

ከፍ ያለው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ሸራውን ከስኳሩ ላይ ገፍፌ አለበስኩት። ይህን ሳደርግ ትንሽ ከብዶኝ ነበር፤ አልዋሽም።

«ቀዩን ተጫን፣ አያ ደሴ።»

«እጫናለሁ። አንተ ሂድ፤ ውሃው ሳይቀድምህ።»

አውራ ጣቱን ዕቃዋ ላይ ሲያደርግ አይቼ ነው የሄድኩት። የትኛው ቁልፍ ላይ እንደሆነ ግን አላየሁም። ማን ያያል? እግሩ የተሰበረ ሰው ቀይና አረንጓዴ አቅርበህለት አረንጓዴውን ይመርጣል ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው?

ካምቦው ስደርስ ወንዶቹን ከእርሻ ጠሩልኝ። ቢምረው የሚባል የደንቢያ ሰው፣ ሥራውንም ጨዋታውንም የሚመራ፣ ገመድ አልጋ አንሥቶ ከፊት ሄደ። ኾሩ ጋ ስንመለስ ድምፁን የሰማነው ሳናየው ነው። ውሃው ግንድ ይዞ ይሄዳል። ቢምረው ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ገባ። ደረቱ ሳይደርስ ጠለፈው፤ ጎትተን አወጣነው። ሁለተኛ የሚገባ ጠፋ፤ እኔም አልገባሁም።

አያ ደሴ ከማዶ ይታየናል። ሸራውን ተከናንቦ ተቀምጧል። እጁን አነሣልን።

«አያ ደሴ!» ብዬ ጮህኩ። «ቀዩን ተጫንከው?»

«ደህና ነኝ!»

«ደህናህን አልጠየቅሁህም! ቀዩን ነው የምልህ!»

«ደህና ነኝ ብዬ ልኬያለሁ!»

መጀመሪያ ውሃው ነው ድምፁን ያጣመመብኝ ብዬ ነበር። ቢምረው ወደ እኔ ዞረ። ሰምቷል።

«አረንጓዴውን ነው የተጫንከው?»

«አዎ!»

«ለምን?»

ዝም አለ። ከማዶ ሆኖም ዝም ሲል ይታወቃል።

«ቀዩን ተጫን፣ ሰውዬ! እግርህ!»

«ለጥሩነሽ?» አለ። ድምፁ ከፍ አለ፤ ሲቆጣ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «ብቻዋን ታነበዋለች! ማን አለ አጠገቧ? ማን ይይዛታል?»

ቢምረው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። «ጋሼ፣ ቀይ እኮ ቀለም ነው፣ አይነክስም! ተጫኑትና ኋላ ከምታለቅስ ሚስት ጋር ታረቁ!»

ወንዶቹ ሳቁ። አያ ደሴም የሳቀ መሰለኝ። ዕቃዋን ከአንገቱ አንሥቶ ወደ ላይ አሳየንና ተጫናት። ሩቅ ነው፤ መብራቷ አይለይም። «የትኛውን?» አልኩት።

«ደህና ነን ብያለሁ! አንተም እንዳለህበት!»

እዚያ ዳር ቁጭ አልኩ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ በእግዚአብሔር ስም ለመንኩት። እሱ አንዴ ብቻ ነው የመለሰልኝ። «ነገ ውሃው ይጎድላል። ለአንድ ሌሊት ሴቲቱን አልገድላትም» አለኝ። ከዚያ ሸራውን ሳበና ተኛ። ዝናቡ እኛንም ያዘን። ስኳሬ ከተሳቢው ላይ እየቀለጠ ወደ ዋልካው ሲወርድ አየሁት፤ ያኔ ግን ዓይኔ እንጂ ልቤ አላየውም።

በዚያው ሰዓት ገዳሪፍ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው «ደህና ነኝ» ሲገባ ጥሩነሽ እንደ ልማዷ ለሰው አሳየች። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ገባ። ጎረቤቶቿ ሳቁባት። «ዛሬስ ናፍቀሽዋል!» አሏት። ሦስተኛው ሲገባ እሷ መሳቅ አቆመች። ከዚያ ደግሞ መጣ። እግሩ በጠዘጠዘው ቁጥር ይጫናት ነበር፤ ይህን አያ ደሴ ራሱ ነው የነገረኝ። ቀዩን መጫን እንዳያምረው ጣቱን አረንጓዴው ላይ ያስቀምጠው ነበር።

ጥሩነሽ ስልኩን ይዛ አብዱ ሱቅ ሄደች። «ይሄ የሚልከው ከየት ነው?»

አብዱ ቦታውን አየ። «ከኾሩ ወዲህ ነው። ደህና ነው፣ ያ ጥሩነሽ። ይኸው ደህና ነኝ ይላል።»

«የፊተኛውስ ከየት ነው?»

«ከዚያው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ከዚያው።»

«እንግዲያ ደህና አይደለም» አለች። «ደሴ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያርፍ ሰው አይደለም። ደህና ከሆነ ደግሞ አንዴ ይላል፣ ይበቃዋል። ደህና የሆነ ሰው እንዲህ አይለፈልፍም።»

አብዱ ዕቃዋ ተበላሽታ ይሆናል አላት። እሷ አልሰማችውም። አልወደቀችም፣ አላለቀሰችም። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት፣ የቤተ ክርስቲያኑ እድር ሊቀመንበር ቤት ሄደች። ሰዎቹ የሰው ጠብ ሊያስታርቁ ተቀምጠው ነበር። በሩ ላይ ቆመች።

«መርዶ የምታረዱኝ እናንተ ናችሁ አይደል?» አለቻቸው።

ሰዎቹ የያዙትን ጠብ ትተው ወደ እሷ ዞሩ።

«እንግዲያ ከአሁኑ ሂዱና አምጡልኝ። ወይ ሰውዬውን ወይ መርዶውን።»

ሊቀመንበሩ፣ ጋሼ ወንዴ የሚባሉ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ምን ሰማሽ?» አሏት።

«ደህና ነኝ ሲል ሰማሁት።»

ሌላ አገር ቢሆን ሴትዮዋን ውሃ አጠጥተው ወደ ቤቷ ይመልሷት ነበር። እነሱ ግን ነገሩ ገባቸው። ጋሼ ወንዴ ብድግ አሉና ከሚያውቁት ሰው ትራክተር ሊለምኑ ወጡ። ትራክተር ማግኘቱ ጊዜ ወሰደ። መንገዱን አብዱ ነው የመራቸው፤ ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው ተነሣ። ሲነጋጋ ነው ከከተማ የወጡት።

እኛ ከማዶ ሆነን የትራክተሩን ድምፅ ስንሰማ ፀሐይ ሞቃለች። ውሃው ገና አልጎደለም። እኔ ከአፌ የወጣው ምን እንደሆነ አላስታውስም፤ ቢምረው «ዘለልክ» ይለኛል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በጭቃው ወረዱ። አያ ደሴ ያያቸው ጊዜ ቀና አለ። ምን እንዳለ ጋሼ ወንዴ ነገሩኝ።

«ማን ልኳችሁ?»

«ሚስትህ።»

«ምን ብዬ ላክሁባት?»

«ደህና ነኝ ብለህ።»

ፊቱን በሸራው ሸፈነ አሉ።

እኔ የተሻገርኩት ውሃው ሲጎድል ነው፤ እነሱ ይዘውት ከሄዱ ቆይቷል። ገዳሪፍ ስደርስ እግሩ ተቆርጦ አልጋ ላይ አገኘሁት። ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለጠየቅሁት ነው የነገረኝ። በተመታበት ቀን ማታ ደርሶ ቢሆን ሳይቆረጥ መትረፉ ይሞከር ነበር አለኝ። ይሞከር ነበር ነው ያለው፤ ይድን ነበር አላለም። ያችን አንዲት ቃል እስከ ዛሬ አገላብጣታለሁ፤ ከየትኛውም ጎኗ አታቀልም።

ጥሩነሽ ራስጌው ተቀምጣ ነበር። ከእኔ ጋር ሰላም ተባባልን። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ደሴ።»

«ኧ።»

«ለምን ደህና ነኝ አልከኝ?»

«አጠገብሽ ሰው አልነበረም።»

«አንተስ አጠገብህ ማን ነበር?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ስማኝ» አለችው። «መርዶ ነው ለሽማግሌ። ጭንቅ ለሚስት ነው። ሞተህ ከሆነ እነ ጋሼ ወንዴ ይምጡ፣ ደንቡ ነው። እግርህን ብረት ከበላው ግን ለእኔ ነው የምትልከው። እኔ ወንድሜ ሞቶ ነው የወደቅሁት። ታሞ ቢነግሩኝ ኖሮ አልወድቅም ነበር፤ እሄድለት ነበር።»

አያ ደሴ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ወደ አንገቱ ላከ። ዕቃዋ የለችም፤ ሲቆርጡት አውልቀዋት መስኮቱ ላይ ነበረች። ጥሩነሽ አነሣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«እስኪ ተጫን» አለችው።

«የቱን?»

«ታውቀዋለህ።»

ቀዩን ተጫነ። ክፍሉ ጣሪያ ስላለው ዕቃዋ ሰማይ አላገኘችም፤ ምንም አልላከችም። ጥሩነሽ ግን ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ እንደደረሳት ሰው አየችና መልሳ ከተተችው። እኔ ወጣሁ። እዚያ የነጋዴ ቦታ አልነበረም።

አሁን ትራክተሩን ሌላ ሰው ይነዳልኛል። አያ ደሴ ከሚስቱ ጋር ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ደንበኛው ሲጨምር አይቻለሁ፤ ሰው ስልኩን ሰጥቶ ኾሩ ላይ የሆነውን ሊሰማ ይቀመጣል፤ የምትነግረው ግን ጥሩነሽ ናት። ቀዩ ቁልፍ ዛሬ ሁለት ቦታ ይደርሳል፤ ለእሷም ለጋሼ ወንዴም። ጋሼ ወንዴ ስልካቸው እንዳይጠፋ በየቀኑ እሷ ጋ ያስቀምጡታል።

ወደዚያ መንገድ የሚወጡ ነጋዴዎች ምን ዕቃ ይሻላል እያሉ ያማክሩኛል። የባትሪውን፣ የውሃውን፣ የኬላውን ነገር እነግራቸዋለሁ፤ እሱ ሁሉ እውነት ነው፣ አብዱም ያውቀዋል። አስቀድሜ የምጠይቃቸው ግን ሌላ ነው። ቀዩን ስትጫን የሚደነግጠው ማን ነው? ልታስደነግጠውስ ትችላለህ? አልችልም ካለኝ የትኛውንም ዕቃ እንዳይገዛ እነግረዋለሁ። አብዱ በዚህ ምክንያት ሰላምታ ነስቶኝ ነበር፤ ኋላ ታረቅን።

እኔስ ምን ይሰማኛል? አያ ደሴን ማለዳ ማለዳ ሳልፍ አየዋለሁ። «እንዴት አደርክ?» ስለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይለኛል። ቆሜ አየዋለሁ። እሱም ስለሚያውቅ «ዛሬስ እውነቴን ነው፤ ሂድ» ይለኛል። አንዳንድ ቀን ግን «ጠዘጠዘኝ» ይላል። የዚያን ቀን አብሬው እቀመጣለሁ፤ ሱቄ ዘግይቶ ይከፈታል።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ስኳሩ ቀልጧል። ዱቄቱ ሻግቷል። ዕቃዋ ትሠራለች። አያ ደሴ በሕይወት አለ፤ እግሩ አንድ ነው።